የጋቢናው ፍሬን

ባሌ የከተማውን ግማሽ መኪና መንዳት ያስተማረ ሰው ነው። እኔን ግን አላስተማረኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገና አዲስ ሙሽሮች ሳለን ሞክሮ ነበር። ከሰፈራችን ሳንወጣ እሱ "ቀስ በይ! ቀስ በይ አልኩሽ!" እያለ ሲጮህብኝ፣ እኔ መኪናዋን መሐል መንገድ ላይ ገትሬ ወረድኩና በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ለትዳራችን ስንል ነገሩን ላናነሳው ተስማማን። መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ አስተማሪ ዘንድ ሄጄ ነው። እሱም ያውቃል። ግን አንድ ቀን "እስቲ ንጂና ልይሽ" ብሎኝ አያውቅም፤ ይሄ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ኖሯል።

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ቀኑን ሙሉ ከአፉ የሚወጣው ያው አንድ ቃል ስለሆነ ተማሪዎቹ "ጋሽ ቀስበል" ይሉታል። የሚያስተምርባት መኪና አናቷ ላይ "ለማጅ" የሚል ሰሌዳ የተሸከመች፣ ጋቢናው ላይ ለአስተማሪው ሁለተኛ ፍሬን የተገጠመላት ሚጢጢ ነገር ነበረች። ባሌ ጎልማሳነቱን በሙሉ በዚያች ሁለተኛ ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ፣ ከኋላው ክላክስ ሲጮህበት አሳለፈ። "ለማጅ" የሚል አይቶ የማያስጮህ የለማ! ታክሲው ያስጮሃል፣ አውቶቡሱ ያስጮሃል፣ ትናንት ራሱ ያስተማረው ጎረምሳ ዛሬ ከኋላው መጥቶ ያስጮሃል።

ጡረታ የወጣ ዕለት ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ዘጭ አለና፣ "አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው" አለኝ።

"ምን?"

"ማንም ክላክስ የማያስጮህበት መኪና።"

"እንደሱ ያለ መኪና ደግሞ የት አለ?"

"አለ እንጂ! ሰፋ ያለ፣ ወንበሩ ቆዳ የሆነ፣ ሲሄድ ድምፁ የማይሰማ። ሲያዩት መንገድ የሚለቁለት። ያገለገለ ይሁን፣ ግድ የለኝም። አዲሱንማ ማን ይሰጠናል?"

ዐይኑ እንደዚያ ሲበራ ያየሁት የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደች ጊዜ ነው። አሳዘነኝም፣ አሳቀኝም። "እሺ" አልኩት፤ "እኔም ድርሻዬን አወጣለሁ። መሪውን ግን እኔም እይዛለሁ።"

"እናያለን" አለ። የሱ "እናያለን" በኛ ቤት "አይሆንም" ማለት ነው።

ፀጉር ቤት አለኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራስ ሲመለጥስ እኔ ከባለቤቱ ቀድሜ አውቃለሁ፤ አፌ ግን ሁልጊዜ ያመልጠኛል። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ወሬው ፀጉር ቤቱን ሞልቶ ነበር። ካስክ ውስጥ የተቀመጡት ደንበኞቼ ማሽኑ ስለሚጮህባቸው ምክራቸውን የሚሰጡት በጩኸት ነው። "ጥቁር ግዙ!" ትላለች አንዷ። "ጥቁር ቧጨራ አይደብቅም!" ትላለች ቢጎዲን የተጠቀለለላት። ባለ ቀይ ጥፍሯ ደግሞ፣ "አሮጌ የቅንጦት መኪና እኮ ከሥልጣን እንደወረደ ሹም ነው፤ ሥልጣኑ ሄዶ ወጪው ይቀራል!" ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

ነገሩ ግን እውነት ነው። ታናሽ ወንድሜም ያለኝ ይህንኑ ነው። እሱ መካኒክ ነው፤ ሲራመድ ኪሱ ስለሚንሿሿ "ብሎን" እንለዋለን።

"እትዬ፣ መግዣው እኮ ርካሽ ነው፤ ጉዱ ማኖሪያው ላይ ነው" አለኝ። "በቁልፍ የሚነፋ፣ የሚተነፍስ፣ የሚታጠፍ ነገር የበዛበት አትግዢ። ሞተሩ ተራ፣ ዕቃው የትም ሱቅ የሚገኝ ይሁን። ከሁሉ በፊት ደግሞ ያኖረውን ሰው እዪው። የመኪናን ጠባይ ከባለቤቱ ነው የማውቀው።"

"ጋሽ ቀስበል ግን የሚያየው ወንበሩን ነው።"

"ጋሼን ለኔ ተዪልኝ" አለ። ጋሼን ለማንም መተው እንደማይቻል ገና አልገባውም ነበር።

መጀመሪያ ያየነው ጥቁሩን ነው። ደላላው መነጽሩን አናቱ ላይ ሰቅሎ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ጠበቀን። መኪናው ደግሞ ልብ ይሰርቃል! ከማማሩ የተነሣ በሩ ላይ ፊቴን አይቼ ፀጉሬን አስተካከልኩበት። ወንድሜ ኮፈኑን ከፍቶ ዘጋ፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ፣ ከዚያ "ድምፁን ልስማ" ብሎ ከኋላ ገባ። ደላላው የሹፌሩን በር ከፈተና "ይግቡ አባት፣ ይሞክሩት" አለ።

ባሌ አመሰገነው። አመሰገነውና መኪናውን ዞሮ፣ ጋቢናውን ከፍቶ፣ ገብቶ ተቀመጠ። ቀበቶውን አሰረ። ጉሮሮውን ጠረገ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ተመለከተ።

ደላላው እኔን አየኝ፤ እኔ ወንድሜን አየሁት። "ሹፌር ይዛችኋል እንዴ?" አለ ደላላው።

የሠላሳ ዘመን ልማድ ነው፤ እግሩ ወደዚያ ወሰደው፣ እሱ ምን ያድርግ! እኔ ግን ሁለት ጊዜ የሚያስብ ሰው አይደለሁም። ደላላው የከፈተው በር ገና እንደተከፈተ ነበር። ገባሁ። መሪውን ጨበጥኩት። 

ባሌ ወደኔ ሳይዞር "ቀበቶ" አለ። "መስታወት። ግራ ቀኝ። ... በይ።"

ሄድን! ደላላው ከኋላ ከወንድሜ ጎን ተጣቧል፤ እኔ ከደስታዬ ብዛት ዘፈን ሊወጣኝ ምንም አልቀረኝም። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ የባሌ ጉልበት ብድግ ሲል በዐይኔ ጥግ አየሁት። ረገጠ። መኪናው መንገዱን ቀጠለ። እንደገና ረገጠ።

"ፍሬን የለውም!" ብሎ ጮኸ።

"ኧረ አባት!" አለ ደላላው፤ "ፍሬኑ ባለፈው ሳምንት ነው የታደሰው!"

"እየረገጥኩት ነው እኮ! የለውም ነው የምልህ! አንቺ አቁሚ!"

አቆምኩ። መኪናው ቀጥ አለ። ደላላው አንገቱን አስግጎ የባሌን እግር አየ። እኔም አየሁ። ንጹሕ ምንጣፍ ላይ፣ የተወለወለ ጫማ፣ ከላይ እስከ ታች የተገተረ እግር። ወንድሜ ከኋላ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ኪሱ ውስጥ ያሉት ብሎኖች ግን ከሳቁ ጋር አብረው ይንሿሹ ነበር።

ባሌ አላፈረም። ብሶበት ወረደ። "ይሄን መኪና አልገዛም። እግሬ አልወደደውም" አለ፣ ሄደ። እኔ ተናድጄ ማታውን ሙሉ አኮረፍኩት። እንደዚያ ያለ መኪና በምንጣፍ ምክንያት ይታለፋል?

በማግስቱ ወደ ሥራ ሳልፍ ጥቁሩን ልየው ብዬ በዚያ ዞርኩ። ምን ባይ ጥሩ ነው? መኪናው በሆዱ ተኝቷል! ጎማዎቹ ፓራፋንጎው ውስጥ ተሸጉጠዋል፤ ደላላው ቁልፍ እየነካካ "ይነሣል፣ ይነሣል፣ ሲነጋ እንዲህ ያደርገዋል" እያለ ለሌላ ገዢ ይምላል። ለወንድሜ ደወልኩለት። "እሰይ! ጋሼ ስለተወው ሳልነግራችሁ ቀረሁ እንጂ ከሥር አይቼው ነበር፤ ሞላ የለውም እኮ፣ በአየር ከረጢት ላይ ነው የሚቆመው። ከረጢቱ ሲያፈስ እንዲህ ነው" አለኝ። "እሱን ከምታስቀይሪ ሌላ ትንሽ መኪና ብትገዢ ይሻልሻል።"

ይህን ማታ ለባሌ ስነግረው ጮቤ ረገጠ። "አላልኳችሁም? እግሬ ያውቃል!" እያለ ለጎረቤት ሁሉ አወራ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለው!

ሁለተኛው ነጭ ነበር። ባለቤቱ ወጣት ነጋዴ ነው፤ ገና በጠዋቱ ስንደርስ ሞተሩን አስነሥቶ ጠበቀን። ባሌ አሁንም ያለ አንዳች ጥያቄ ጋቢና ገባ። እኔ ደግሞ አሁንም ያለ አንዳች ጥያቄ መሪው ጋ ሄድኩ። ብዙ ሳንርቅ ግን ፍርሃት ያዘኝ። ይሄ ሰው ዛሬም በሰው ፊት "ፍሬን የለውም!" ብሎ ይጮህ ይሆን? እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ዐይኔን አንዱን መንገዱ ላይ፣ አንዱን የባሌ ጉልበት ላይ ተከልኩት። ጉልበቱ ብድግ ሲል፣ እኔ ፍሬን ያዝኩ። መኪናው ረገብ አለ። ትንሽ ሄድን፤ ጉልበቱ ብድግ አለ፤ ያዝኩ፤ ረገብ አለ።

የባሌ ፊት በራ። "ይሄ!" አለ፤ "ይሄ ነው ፍሬን!" የመኪናውን ክሩስኮት እንደ ጎበዝ ተማሪ ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገው። ወንድሜ ከኋላ በሳቅ እየታፈነ ያስላል።

ነጩን የጣለው ግን ወንድሜ ነው። "ሞተሩን ለምን ቀድሞ አሞቀው? ቀዝቅዞ ሲነሣ እንዳንሰማው ነዋ" አለ። "ደግሞ መሪውን አላያችሁትም? ቆዳው እንደ ተላጨ ራስ ያብረቀርቃል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን ገና ትናንት ከሱቅ የወጣሁ ነኝ ይላል። አንዳቸው ይዋሻሉ፤ ቆዳ ደግሞ አይዋሽም።" ባሌ በጣም አዘነ። ፍሬኑን ወዶት ነበር።

ሦስተኛዋን ያገኘናት ከካስክ ውስጥ ነው። ባለ ቀይ ጥፍሯ፣ "የጥርስ ሐኪሜ መኪናቸውን ሊሸጡ ነው፤ ኧረ እሳቸው ዘንድ ሂዱ!" ብላ ጮኸችልኝ። ሐኪሟ ጡረታ የወጡ፣ ረዥም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። መኪናቸው የምታድርበት ክፍል ወለሉ እንደ ሕክምና ክፍል ይነጣል። መሐሉ ላይ አረንጓዴዋ ቆማለች። ደንበኛ የቅንጦት መኪና ናት፤ ሰፊ፣ ዝቅ ያለች፣ ሞዴሏ ግን ያለፈበት። የሚነፋም፣ የሚታጠፍም ነገር የለባትም። ወጣት ዐይን አያያትም፤ ዋጋዋም ለዚህ ነው ከኛ አቅም ያልራቀው።

ወንድሜ እጁን ኮፈኑ ላይ ጫነ። ቀዝቃዛ። "ያስነሡልኝ" አለ። ሐኪሟ ቁልፉን አዞሩ፤ በአንድ ጊዜ፣ ያለ ማጉረምረም ተነሣች። ወንድሜ ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን ሲያስገባ ሐኪሟ አጠገቡ ቆመው ትንሽ አዩትና፣ ከኪሳቸው ረዥም እጀታ ያላት የጥርስ መመርመሪያ መስታወት አውጥተው ሰጡት። "በዚህ ከኋላ ያለውን ታይበታለህ፣ ልጄ። እኔም ለዚሁ ነው የማኖራት።" ወንድሜ መስታወቷን ይዞ ሞተሩን ከጥግ እስከ ጥግ መረመረ። "አንድም የተቦረቦረ የለም፣ ዶክተር" ሲላቸው ሁለቱም እንደ ባልደረባ ተሳሳቁ።

ከዚያ የውስጡን ሊያይ የጋቢናውን በር ከፈተ። ወደ ሹፌሩ በኩል ሄደ፣ ተመለሰ። "ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄንን ያህል ዘመን የተነዳች መኪና የፍሬን መርገጫው ጎማ ቢበላ አይገርመኝም። እዚህ ጋቢናው ላይ ግን ምንጣፉ ተበስቷል። ምን ሆኖ ነው?"

ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። ባሌ ፍሬን በሚረግጥበት በዚያችው ቦታ ላይ ተረከዝ የምታክል ቀዳዳ አለች።

ሐኪሟ ሳቁ። ፓራፋንጎውን ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ባለቤቴ ናቸው" አሉ። "እኔ እነዳለሁ፤ እሳቸው ይረግጣሉ። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነበርን። አሁን እሳቸው የሉም፤ ብቻዬን ስነዳ የሚረግጥልኝ አጣሁና እከንፋለሁ። ትራፊክ ፖሊስ ሁለት ጊዜ አስቆመኝ። በሰባ ዓመቴ!"

ባሌ ወንድሜን ገለል አደረገው። ቀስ ብሎ ገባ፣ ተቀመጠ፣ እግሩን ዘረጋና ተረከዙን ቀዳዳዋ ውስጥ አኖረ። ልክክ አለች። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ የልጅ ፊት ሆኗል።

ሐኪሟና ወንድሜ ከኋላ ሆነው ሞከርናት። መኪናዋ ትሄዳለች ከማለት ትንሳፈፋለች ማለት ይቀላል። እኔ የባሌን ጉልበት አያለሁ፤ ብድግ ሲል እይዛለሁ፤ እሱ "ኧረ ይሄ ፍሬን! ኧረ ይሄ ፍሬን!" ይላል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ግን ከቅቤው ሥር አንዲት መራራ ነገር ነበረች። ይህ ሁሉ ሙገሳ ለሱ እግር ነው እንጂ ለኔ አይደለም። እኔ አሁንም ሹፌሪቱ ብቻ ነኝ።

ተመልሰን ስንወርድ ወንዶቹ ኮፈኑ ላይ ተደፉ። ሐኪሟ ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

"ጉልበቱን ነው አይደል የምታዪው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

 "እንዴት አወቁ?" አልኳቸው።

"እኔ ነኝ የማላውቅ? ሲረግጡ እረግጥ ነበር። እስከ መጨረሻው ድረስ መኪናዋን የሚያቆሟት እሳቸው ይመስላቸው ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማረውና።"

"አልነገሯቸውም?"

"ምን ብዬ?" አሉና ወደ መኪናዋ ዞሩ። "አንዳንዴ ግን፣ አንድ ቀን እንኳ፣ 'ጎበዝ' ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።"

ይህ ቃል ሆዴ ውስጥ ገባ። የሰው ሳይሆን የራሴው ቃል ነበር።

ዋጋው ላይ ብዙም አልተከራከርንም፤ እሳቸው ትንሽ ወረዱ፣ እኛ ትንሽ ወጣን። የመኪናዋ ስም ወደኛ ከዞረ በኋላ ልንወስዳት የመጣን ዕለት፣ "አንድ አደራ አለኝ፤ ምንጣፉን እንዳትቀይሩት" አሉ። "ምን ቆርጦኝ!" አለ ባሌ። ወንድሜ ሥራ ነበረበትና አልመጣም። ሐኪሟ ቁልፉን ለባሌ ሰጥተው ወደ ቤት ገቡ።

ባሌ ቁልፉን ይዞ መኪናዋን ዞራት። ከዚያ የሹፌሩን በር ከፍቶ ገባ።

 ለካስ "እናያለን" ያለው እስኪገዛ ድረስ ኖሯል! ቆሜ አየሁት። ቀበቶውን በተለመደው ትከሻው ፈለገ፤ የለም፣ በሌላኛው ነው። መስታወቱን አየ፣ ነካካ፣ መልሶ አየ። መሪውን በሁለት እጁ ያዘና ለቀቀው። ሲያስተምርበት ከኖረው ወንበር ተሻግሮ መሪው ጋ ከተቀመጠ ስንት ጊዜው እንደሆነ እንጃ። ትንሽ ቆየና ወረደ።

"ከዚህ ሆኖ ምንም አይታይም" አለኝ፣ ቁልፉን መዳፌ ላይ አድርጎ። ዞረና ጋቢና ገባ።

ወደ መንገድ እንደገባን እንደ ልማዴ ዐይኔን ጉልበቱ ላይ አደረግኩ። ከፊታችን ታክሲ ቆመ፤ ጉልበቱ ዝም። ሳላስበው ያዝኩ። ሴትዮ ልጅ ይዛ ተሻገረች፤ ጉልበቱ ዝም። ያዝኩ። ታመመ እንዴ? መስቀለኛው መንገድ ላይ መብራቱ ቀይ ሆነ። እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ጠበቅኩት። አልረገጠም። መስመሯ ላይ ቀጥ አድርጌ አቆምኳትና ዞር ብዬ ወደ ታች አየሁ።

ባሌ እግሩን በእግሩ ላይ አነባብሯል። ጫማዎቹን አውልቆ ጎን ለጎን ቀዳዳዋ ላይ አስቀምጧቸዋል።

"ምን ነው ያልረገጥክ?" አልኩት። አፍ ሲያመልጥ እኮ ነው!

"ምን ያደርግልኛል? እዚህ ፍሬን የለም።"

"ታውቅ ነበር?"

"ከነጩ ጀምሮ" አለ። "እኔ ረግጬ አንቺ እስክትይዢ ትንሽ ትዘገዪ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ሁለት ፍሬን ባለው መኪና ላይ የኖርኩ ሰው ይቺ ትጠፋኛለች?"

"ታዲያ ለምን ትረግጥ ነበር?"

"ልይሽ ብዬ ነዋ።" ወደ መስኮቱ ዞረ። "ነጩ ላይ ተከትለሽኝ ነበር። አረንጓዴዋ ላይ ግን ከመርገጤ በፊት የያዝሽበት ጊዜ ይበልጣል። እኔ ነኝ እየተከተልኩሽ የነበርኩት።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ጎበዝ ነሽ።"

 የተነባበረ እግሩን፣ ካልሲውን፣ ባዶ ጫማዎቹን እያየሁ ፈዝዤ ቀረሁ። መብራቱ መቼ አረንጓዴ እንደሆነ አላየሁም። ከኋላችን አንዱ ክላክሱን አስጮኸ። ሌላው ተከተለው። ከዚያ መንገዱ በሙሉ አበደ!

"ወይኔ!" አልኩ፤ "አንተ አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለግከው፣ እኔ ደግሞ..."

ባሌ ግን ይስቅ ነበር። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ሐኪሟ እንባው እስኪወርድ ይስቅ ነበር። "ያስጩኹ!" አለ። "ተማሪዬ ያልሆነ ሹፌር አጠገብ ተቀምጬ ሲጮህብኝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው!"

እኔም ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ክላክሱ ይጮሃል፤ እኛ በቆዳ ወንበራችን ላይ እንንፈራፈራለን።

"በይ ሂጂ እንግዲህ" አለኝ መጨረሻ ላይ፣ እግሩን ሳያወርድ።

ቀስ በይ ግን አላለኝም።